ማይክ ፊት ምላሳችን ለምን ይታሰራል?

ዶርም ውስጥ የአንድ ጌም ወሬ ሲነሳ ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ልጅ፣ ስልኩን ከፍቶ ድምፁን መቅዳት ሲጀምር ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይያዛል። "እእእ"፣ "ያው"፣ "እንትን"፣ "ማለት ነው" ይበዛል። የጌም ግምገማ በአማርኛ መሥራት የሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን ስላሉ በዚህ እትም ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን እናያለን። የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚያቀርብም የሚሆን ነገር አይጠፋውም።

ፊት ለፊት ስናወራ ጓደኛችን ራሱን ይነቀንቃል፣ ያቋርጠናል፣ የጠፋብንን ቃል ያቀብለናል። ማይክ ግን ዝም ነው። የምንለውን ማሰብ፣ ዓረፍተ ነገሩን መገንባት፣ "እንዴት ይሰማ ይሆን" ብሎ ራስን መታዘብ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ እኛው ላይ ይወድቃል። እየተጫወትን ካወራን ደግሞ እጅና ዓይናችንም ሌላ ሥራ ይዘዋል። ስለዚህ ቀጥታ ስርጭት ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ተጫውቶ ስክሪኑን መቅዳት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ድምፁን በመጨረሻ ለብቻው መቅዳት ይሻላል። ቪዲዮው በድምፁ ልክ ይቆረጣል እንጂ ድምፁ ቪዲዮውን አያሳድድም።

ትልቁ ችግር ግን ጽሑፉ ላይ ነው እንላለን። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ተናጋሪው ትንፋሹን፣ አድማጩ ደግሞ ሐሳቡን ይዞ እስከ ግሱ ድረስ መጠበቅ አለበት። ለምሳሌ፦ "ኮናሚ ቀድሞ ፔስ እያልን እንጠራው የነበረውን ጨዋታ ተክቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በነጻ የለቀቀው ኢፉትቦል የኳስ ቁጥጥሩ ለጀማሪ ቀላል ነው ለማለት የሚያስደፍር አይደለም።" ለዓይን ይሄዳል፤ ለአፍ ግን አይመችም። ሲነገር እንዲህ ይሁን፦ "ፔስን ታስታውሱታላችሁ? በ2021 ኮናሚ ስሙን ቀየረው፤ ኢፉትቦል አለው። አሁን በነጻ ነው። የኳስ ቁጥጥሩ ግን ለጀማሪ ይከብዳል።" አንድ ሐሳብ፣ አንድ ግስ፣ አንድ ትንፋሽ። ሙሉውን ጽፎ ማንበብ የሚቀናው አለ፤ ነጥቡን ብቻ ይዞ መናገር የሚቀናውም አለ። መግቢያውንና የመጨረሻውን ፍርድ በሙሉ ጽፎ መሃሉን በነጥብ መያዝ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል።

መድረሳ የተማርን ልጆች እዚህ ላይ ሳናውቀው ስንቅ ይዘናል። በተጅዊድ የወቅፍና የኢብቲዳእ ትምህርት የት ማቆም፣ ከየት መጀመር እንዳለብን ያሳያል። ትንፋሽ መሃል ላይ ካለቀ ካቆምንበት ዝም ብለን አንቀጥልም፤ ትርጉሙ እንዲሟላ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን እንጀምራለን። ቁርኣንና የጌም ወሬ በምንም አይነጻጸሩም፤ ኡስታዞቻችን ያስለመዱን የትንፋሽ ሥርዓት ግን እዚህም ያገለግላል። ምላስ ሲተሳሰር ቀረጻውን ማቋረጥ አያስፈልግም። ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት፣ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መድገም ነው። ያቺ ዝምታ በኋላ ኦዳሲቲ ላይ ቀጥ ያለች መስመር ሆና ትታያለች፤ መቁረጫው ቦታ እዚያ ነው። አንዴ ማጨብጨብም ይቻላል፤ ጭብጨባው ረጅም ሹል ሆኖ ከሩቅ ይለያል።

"እንትን"ንም በጉልበት መከልከል ብዙ አይሠራም። እሷ በምትመጣበት ቦታ አፍን ዘግቶ መተንፈስ ይሻላል። ለተናጋሪው ዘላለም የሚመስለው ዝምታ ለአድማጩ አጭር ነው።

ሌላው ፍጥነት ነው። ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛ ገምጋሚዎችን ጥድፊያ እንቀዳለን። "አልተጫወትናቸውም" በአማርኛ አንድ ቃል ናት፤ በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ትወስዳለች። በዚያ ፍጥነት ስንሮጥ ጫፏ ይዋጣል፤ "አል" እና "ም" ሲዋጡ ደግሞ አሉታው አዎንታ ሆኖ ይሰማል። ቡኻሪ ላይ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ንግግር ቆጣሪ ሊቆጥረው የሚችል ነበር።

ስለ መሣሪያ ብዙ አንልም፤ የስልክ ኢርፎን ማይክም ለመጀመሪያ ይበቃል። ርቀቱን ግን እንጠብቅ። ክፍት ቦታ ላይ ከአፍ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ እየተወዛወዘ የሚያወራ ሰው ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ማይኩን ከአፍ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ጥሩ ነው። አለበለዚያ "ፕሌይስቴሽን"፣ "ፐብጂ"፣ "ፔስ" ባልን ቁጥር የ"ፕ" ነፋስ ማይኩን ይመታዋል። (የጌም ዓለም ስሞች "ፕ" ለምን እንደሚወዱ አናውቅም።) ባዶ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል፤ ብርድ ልብስ መስቀል ወይም ልብስ የሞላበት ሎከር ከፍቶ ወደሱ ዞሮ ማውራት ማስተጋባቱን ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር ሳንለይ ማለፍ አንፈልግም። መንተባተብ የልምምድ ማነስ አይደለም። ያለበት ወንድም ወይም እህት ምክራችንን ተከትሎም ሊያዝ ይችላል፤ ድምፁ እንደሆነ ይቀመጥ፣ ካልፈለገ አይቁረጠው። ሱረቱ ጣሃ ላይ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታ አላህን ለምነዋል፤ ወደ ፊርዓውን የተላኩትም እሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል አስር ደቂቃ ብቻ የተጫወተውን ጌም እንደጨረሰ አድርጎ አንደበቱ ሳይደናቀፍ የሚገመግም አለ። ግምገማ አማና ነው፤ ሰው ገንዘቡንና የኢንተርኔት ጥቅሉን የሚያወጣው ቃላችንን አምኖ ነው። ምን ያህል እንደተጫወትን መጀመሪያ ላይ እንናገር።

ለመቅዳት ጸጥ ያለው ሰዓት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው፤ የዶርም ጓደኞቻችን ተኝተው ከሆነ ግን ባዶ መማሪያ ክፍል እንፈልግ። መስጂዱ ጸጥ ያለ ስለሆነ እዚያ ልቅዳ የሚል አይጠፋምና፣ እሱ አይሆንም።