የሐይቅ ዳርቻ ንጽሕና ከተራራው ራስ ይጀምራል

ሰው በውኃ ዳር ሲቆም ልቡ ለምን እንደሚሰፋ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ፈጣሪ በሦስተኛው ቀን ውኃውን ወደ አንድ ስፍራ ሰብስቦ የብሱን በገለጠ ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል የቀረውን ዳርቻ ለዓይን ማረፊያ አደረገው። ጌታችን ዓሣ አጥማጆቹን ለሐዋርያነት የጠራቸው በገሊላ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከትንሣኤውም በኋላ ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የጠበቃቸው በዚያው ሐይቅ ዳር ነበር። እንግዲህ አንድ ክርስቲያን ቤተሰብ በዕረፍቱ ቀን ልጆቹን ይዞ ወደ ውኃ ዳር ቢወርድ እንደ ቅንጦት ሊቈጠርበት አይገባም።

እኛ በጎበሳና በአካባቢዋ የምንኖር የአርሲ ደገኞች ገብስና ስንዴ የሚያበቅል መሬት፣ ጉምና ብርድ ተሰጥቶናል እንጂ የባሕር ዳርቻ አልተሰጠንም። አገራችንም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቀድሞ ወደ ምጽዋ የወረዱ አባቶች የባሕሩን ወሬ ያጫውቱናል፤ ልጆቻችን ግን ከሥዕል በቀር አያውቁትም። ቢሆንም ቅሉ ከተራራችን ሥር፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ተዘርግተው ይገኛሉ። ለደገኛው ልጅ ዳርቻ ማለት እነዚህ ናቸው።

ስለ ዳርቻው ከመናገራችን በፊት ስለ ተራራው ጥቂት ማለት ይገባናል። ጭላሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጋላማም ከእርሱ ጋር ተያይዞ እንደ ቤት ጣራ ዝናሙን በሁለት ወገን ያፈስሰዋል። በምዕራብ በኩል የወረደው ውኃ በቀታር ወንዝ ተሰብስቦ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ሌሎችም ወንዞች ከዚሁ ከአርሲ ተራራ ወርደው ላንጋኖን ይመግባሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው፣ የእኛ የጎበሳ ውኃ ማለት ነው፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል፤ ዋቢም ሶማሊያ ከገባ በኋላ በአብዛኛው ዓመት ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ደገኛ ሆኖ ከምንጩ ያልራቀ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀው፣ ከበታቹ ካለ ዳርቻ ጋር በውኃ የተሳሰረ ነው።

ባለፈው በጋ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ቆላው ወርደን ነበር። ከአሰላ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ በየጊዜው ይሞቃል፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፤ የስንዴው እርሻ አልቆ ግራር ይተካል። ከዚያም ሐይቁ እንደ ተዘረጋ ሸማ ከሩቅ ይታያል። ልጆቹ ባዩት ጊዜ ዝም አሉ፤ በመኪና ውስጥ ዝም ያሉት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ዝዋይ፣ በሌላው ስሙ ደምበል፣ ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቀቱ ግን ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከእነርሱም ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም መኖሪያ ነው። እንደ አባቶች ትውፊት በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተሸሽገው የቆዩት በዚህ ነው። የዛይ ሕዝብም በደሴቶቹ ላይ እርከን ሠርቶ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ጠብቆ ኖሯል። በባቱ ከተማ የጥምቀት በዓል በዚህ ሐይቅ ዳር ሲከበር ያየ ሰው፣ ውኃና ጸሎት ምን ያህል እንደሚስማሙ ያስተውላል። በዳርቻው ቆመን አባ ኮዳና ይብራ ቆጠርን፤ አጥማጆቹም ቆሮሶና አምባዛ ከታንኳ ሲያወርዱ ተመለከትን።

ወላጆች ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ዝዋይ የሚታይ እንጂ የሚዋኙበት ሐይቅ አይደለም። ጉማሬ ከመኖሩም በላይ የቢልሃርዝያ በሽታ በዚያ አካባቢ መኖሩ የታወቀ ነው። የትሉ ዕንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ይገባል፤ ከውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በውኃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በዚህ ነገር አገራችን ለዓለም ያበረከተችውን ማስታወስ ደስ ይለናል። ሊቁ አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ፣ እናቶቻችን ሲያጥቡበት የኖሩት ተክል የበሽታውን ተሸካሚ እንደሚገድል አረጋገጠ። እንግዲህ ዳርቻን የሚያበላሸውም የሚያድነውም ከላይ በኩል፣ ሰው ከሚያጥብበትና ከሚጸዳዳበት ስፍራ የሚወርደው ነገር ነው።

ከባቱ ወደ ደቡብ በሻሸመኔ መንገድ ሄደን ላንጋኖ ደረስን። ላንጋኖ ውኃው ቡናማ ነው፤ እንግዳ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መልኩን የሚሰጠው በውኃው ላይ ተንሳፎ የሚኖር፣ የማይሰክን ደቃቅ ሸክላ ነው። ለረጅም ዘመን ዋናተኞች የመረጡትም ከቢልሃርዝያ የተጠበቀ ነው በመባሉ ነው። አሸዋማው ዳርቻ፣ ከማዶ የሚታየው የአርሲ ተራራ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስና ማዕበሉ፣ ባሕር ላላየ ልጅ የባሕርን ምሳሌ ይሰጣሉ።

ደስታችን የተቋረጠው ምሳ በልተን ከተነሣን በኋላ ነው። ስሙን ልንጠቅሰው በማንፈልገው በአንድ ዳርቻ፣ የ12 ዓመት ልጅ ሲሮጥ በአሸዋ የተሸፈነ የጠርሙስ ስባሪ ረገጠ። ደሙ ብዙ ነበር፤ እናቱ ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችለት፤ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወስደነው ተሰፋ። እኛም በቁጣ፣ ይህን የጣለ ምን ዓይነት አረመኔ ነው እያልን ተመለስን። ልጁ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ እግሩን ዘርግቶ ሳለ፣ በዙሪያው ያለውን እያየ፣ «መምህር፣ ይህንንስ የእኛን ማን ያነሣዋል?» ብሎ ጠየቀን። ብንመለከት የበላንበት ፌስታል፣ የጠጣንባቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ጠበል ያመጣንበት ጠርሙስ ጭምር እንደ ተበተነ ነበር። አቡነ ዘበሰማያት ብለን የጀመርነውን ማዕድ የጨረስነው እንዲህ ነው። መልስ አጥተን መልቀም ጀመርን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ፣ ጥሩውን ውኃ ከጠጡ በኋላ የተረፈውን በእግራቸው እያደፈረሱ ለሌሎች መንጋዎች ስለሚተዉ በጎች የተናገረውን ያን ጊዜ አስታወስን። ስለ ሌሎች የተጻፈ ሲመስለን የኖረ ቃል ነበር። የጉዳቱን መጨረሻ ማየት የፈለገ ደግሞ ከላንጋኖ ጥቂት አልፎ አቢያታን ይመልከት። የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ፣ የላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወደ እርሱ ይወርዳሉ፤ ነገር ግን ከላይ ለመስኖ ስለሚቀዳበት፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ስለ ተወሰደበት፣ ሐይቁ ከጥንት ወሰኑ እጅግ ሸሽቷል። የቀድሞው ዳርቻ ዛሬ ነጭ ጨው የለበሰ ሜዳ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ማወቅ ይጠቅማል። በብሪታንያ ምዕራብ ያለችው ዌልስ፣ ገጠሬዎችና እረኞች የሚኖሩባት ትንሽ አገር፣ በ2012 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ዳርቻዋን ሁሉ የሚከተል 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ለሕዝብ ከፍታለች። በብዙ ዳርቻዎቿም ውኃው በየጊዜው ይመረመራል፤ ንጹሕ የሆነው ሰማያዊ ሰንደቅ ይውለበለብለታል፤ ሥርዓቱን ያጓደለው ሰንደቁ ይወርድበታል። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል ሕግ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ሕግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከቤት ካልተጀመረ በወረቀት ይቀራል።

ስለዚህ ለቤተሰብ አለቆች የምንመክረው ይህ ነው። ወደ ውኃ ዳር ስትወርዱ ምሳውን በአገልግልና በሞሰብ ያዙ፤ አገልግል ባዶውን ወደ ቤት ይመለሳል እንጂ ተጥሎ አይቀርም። የሚጠጣውን በጀሪካን አድርጋችሁ ከቤት ኩባያ ውሰዱ። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት የእናንተን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተጣለውንም ልቀሙ። በሐይቁና በወንዙ አጠገብ አትጸዳዱ፤ ልብስ ስታጥቡም የሳሙናውን ውኃ ወደ ወንዙ አትመልሱ። በቢልሃርዝያ ውኃ የገባ ልጅ ቢኖር ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በሰፈራችሁ ያለውን ጅረት ተመልከቱ።

እኛም ወደ ጎበሳ በተመለስን ማግስት ይህንኑ አደረግን። ዓመት ሙሉ ስናልፍበት የኖርነውን ጅረት ጎንበስ ብለን ስናይ፣ በላንጋኖ ዳር ያየነው ሁሉ በቊጥቋጦው ሥር ተይዞ አገኘነው፤ ክረምት ሲገባ ወደ ዋቢ ለመውረድ የሚጠባበቅ ይመስላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ለቀሙ። እግሩ የተሰፋው ልጅ ገና ያነክስ ስለ ነበር በዳር ቆሞ የማዳበሪያውን አፍ ይይዝላቸው ነበር።