ከጎን የማይታይ ስልክ

እናቴ ባጃጅ ውስጥ የቴሌብር ፒኗን 6ቱን ቁጥሮች ስትነካ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አየባት። ስለዚህ ፒያሳ ሄዳ ስልኳ ላይ ፕራይቬሲ መስታወት አስለጠፈች። አሁን ከጎኗ ሆኜ ሳየው ስክሪኑ ጥቁር ነው!

ለምን መሰላችሁ? መስታወቱ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ቆመው ተደርድረዋል። የእንጨት አጥር አስቡ። ፊት ለፊት ስትቆሙ በክፍተቱ ግቢው ይታያል፤ ወደ ጎን ስትሉ ግን እንጨቶቹ ይጋርዱታል። ስልኩን አግድም ካዞራችሁት መስመሮቹም አብረው ስለሚዞሩ ከጎን ያለው ሰው ያያል፤ እኔው ሞክሬዋለሁ። ከኋላ በትከሻ በኩል የሚያይንም አይከለክልም።

ፀሐይ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መስመሮቹ ብርሃን ይቀንሳሉ፣ የሚያብለጨልጨው መስታወት የሰማዩን ብርሃን ይመልሳል፣ ለራሷም አይታያትም። ማት የሚባለው ብርሃኑን ስለሚበትን ይሻላል። እናቴ ግን የገዛችው የሚያብለጨልጨውን ነው፤ ውጭ ላይ ፒን ስትጽፍ በነጠላዋ ትጋርደዋለች።