በኢንተርኔት የሚሠራው የቢሮ ስልክና የካርቱም ዝምታ

ቀጥታ መስመር የነበረው ጥቁሩ የቢሮ ቴሌፎን፣ የሕንፃው መብራት ቢጠፋ እንኳ እርሱ አይጠፋም ነበር። የሚሠራበትን ኀይል፣ ይኸውም 48 ቮልት የሚሆነውን ኤሌክትሪክ፣ ድምፅ በሚመላለስበት በዚያው ቀጭን ሽቦ ከስልክ ጣቢያው ስለሚያገኝ፣ የጣቢያው ባትሪዎች እስካልደከሙ ድረስ ጸሐፊው በሻማ ብርሃን እየጻፈም ቢሆን መነጋገር ይችል ነበር። ዛሬ በእርሱ ቦታ የተተካው በኢንተርኔት የሚሠራው ስልክ መልኩ ያንኑ ይመስላል፤ እጀታም የቁጥር መምቻም አለው። ዳሩ ግን በውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ ኀይሉንም መንገዱንም ከሌላ ይሻል። ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል እንደ ካርቱም ያየ ከተማ ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩን በአጭሩ እናስረዳ። የተናጋሪው ድምፅ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ በሚሆን ቁራጭ ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ፖስታ አድራሻ ተጽፎበት፣ ደብዳቤና ሥዕል በሚያልፉበት በዚያው የኮምፒዩተር መስመር ይላካል። ስልክ ማዞሪያውም ሽቦ ከሽቦ የሚያጋጥም ሣጥን መሆኑ ቀርቶ ኮምፒዩተር ሆኗል። እያንዳንዱ ስልክ ሲበራ «ቁጥር 214 እዚህ ነኝ» እንደ ማለት ራሱን በማዞሪያው ያስመዘግባል። ስለዚህ ሠራተኛው ስልኩን ይዞ ወደ ሌላ ፎቅ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፤ ይህም ታላቅ ጥቅም ነው።

ካርቱም የመስመር መቈረጥን የምታውቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። በማርች 1884 የመህዲ ተከታዮች የቴሌግራፉን ሽቦ በቈረጡ ጊዜ፣ ጄኔራል ጎርደን ከካይሮ ጋር የሚገናኘው ወረቀት ደብቀው በሚሄዱ መልእክተኞች ሆነ፤ ከተማይቱም በጃንዋሪ 1885 ወደቀች። በቅርቡም ዘመን በጁን 2019 ከአንድ ወር በላይ፣ በኦክቶበር 2021 ደግሞ ከሦስት ሳምንት በላይ የኢንተርኔት አገልግሎት እንዲቋረጥ ተደርጓል። አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን የባሰው መጣ። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ የኤም ቲ ኤን፣ የሱዳኒና የዜይን መስመሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ጠፉ። ዋና ዋና ማዕከሎቻቸው በካርቱም ስለ ነበሩ፣ ከውጊያው የራቀችው ፖርት ሱዳን እንኳ ዝም አለች። ፈጥኖ ደራሹ ኀይል ማዕከሎቹን ዘግቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ እርሱም ካደ። ሦስት ኩባንያ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ግን በዚያ ሳምንት ታየ።

እንግዲህ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ለማስገባት የሚያስብ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የስልኩን ዋጋ ሳይሆን «ማዞሪያው የት ይቀመጣል?» የሚለውን ነው ብለን እናምናለን። ማዞሪያው በዚያው ሕንፃ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ክፍል ከክፍል ይነጋገራል። በኪራይ ከባሕር ማዶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን፣ ዲሬክተሩና ጸሐፊው በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው ሳለ በስልክ ሊገናኙ የማይችሉበት ቀን ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ በ2023 ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን ሲዛወሩ እንደ ታየው፣ ሕንፃውን ጥሎ የሚወጣ ሰው ማዞሪያውንም ጥሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማዞሪያው በቤት ሆኖ፣ የቁጥሮቹና የአሠራሩ መዝገብ ግልባጭ በሌላ ከተማ ቢቀመጥ ይሻላል።

ስለ ኀይሉም አንድ ቃል እንጨምር። ከ2003 ጀምሮ በታወቀው ደንብ፣ የኮምፒዩተሩ ኬብል ራሱ ኤሌክትሪክ ለስልኩ ሊያደርስ ይችላል። በመሆኑም በአንድ ክፍል የተቀመጠ ባትሪ የአንድ ፎቅ ስልኮችን ሁሉ ማቈየት ይችላል። ነገር ግን የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የካርቱምም በጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው የጣራ ክፍል የሚያኖር ሰው ገንዘቡን በፀሐይ ያቀልጣል።

ነገሩ የቢሮ ብቻ አይደለም። በካርቱም ሠርተው ወደ አገር ቤት ገንዘብ ይልኩ የነበሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከ2023 ወዲህም በመተማ በኩል የገባው ሕዝብ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ነበር። በስፍራው የቀሩት መስመር ሲጠፋባቸው፣ ከቤተ ሰባቸው የሚያገናኛቸው ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ሆነ፤ ሰውም በሰዓት እየከፈለ ይጠቀምበት ነበር። እነዚህ ሳተላይቶች 550 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚሉ ድምፁ እምብዛም አይዘገይም። በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚገኙት በቀድሞዎቹ ግን ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሴኮንድ ያልፋል፤ ሁለቱም ዝምታ የሆነ መስሏቸው በአንድነት ይናገራሉ። በእንዲህ ያለ መስመር የሚደውል ልጅ ቃሉን ጨርሶ አንድ አፍታ ቢታገሥ፣ ወዲያ ማዶ ያለችው እናቱ የምትመልስለትን ይሰማል።