የአሮጌው ስታዲዮም ነገር

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ ደብረ ታቦር ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን የብሔራዊ ቡድናችንን ጨዋታ በቴሌቪዥን እንመለከት ነበር። ቡድናችን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ደስታው ጋብ ሲል ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፥ «ለመሆኑ ይህ ሜዳ የማን አገር ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሜዳው የማላዊ፣ ከተማውም ሊሎንግዌ ነበር። በደንቡ ግን ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ስም የመጣው ይኸው የግብፅ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲዮም በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተሸንፎ፣ የአፍሪካ ዋንጫ በአምበላችን በሉቺያኖ ቫሳሎ እጅ ገብቷል። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ያው ስታዲዮም በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የዋንጫውን እንግዶች ተቀብሏል።

እንግዲህ ባላጋራው ያው፣ ድሉም ያው ሆኖ ሳለ ሜዳውን ምን አሳጣን? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀው ደልዳላ ሣር፣ በቂ መብራት፣ ንጹሕ የልብስ መለወጫ ክፍልና መጸዳጃ፣ በሲሚንቶው ደረጃ ፈንታም ለየሰዉ የተለየ መቀመጫ ነው። ከነዚህ ውስጥ በጥገና የማይገኝ የትኛው ነው?

ብዙ ጓደኞቼ «አሮጌውን ትቶ አዲስ መሥራት ይሻላል» ይላሉ። ለ62 ሺህ ተመልካች የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲዮም ግንባታ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሮ ስንት ዓመት እንደ ፈጀ ያየ ሰው ግን እንዲህ ፈጥኖ ባልፈረደ ነበር። ጎረቤታችን የባሕር ዳር ስታዲዮምም ከአዲስ አበባው እጅግ ያነሰ ዕድሜ እያለው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመታገድ አልዳነም። አዲስነት ብቻውን ፈቃድ አያሰጥም።

የጉና ነፋስ የሚገርፈው የፋርጣ ገበሬ የሣር ክዳኑ ባፈሰሰ ቁጥር አዲስ ጎጆ አይቀልስም፤ ሰኔ ሳይገባ ክዳኑን ይጠግናል። አሜሪካኖችም ይህን አያጡትም። ቦስተን ከተማ ፌንዌይ ፓርክ የሚባል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 የተከፈተ የቤዝቦል ስታዲዮም አለ። (ቤዝቦል በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ነውና ገና ለተጫወተ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም።) በ1999 ባለቤቶቹ ትተውት ሌላ ሊሠሩ አስበው ነበር። በ2002 የተተኩት አዲሶቹ ባለቤቶች ግን ጨዋታ በማይኖርበት ወራት እየጠበቁ፣ በየዓመቱ ከፊል ከፊሉን፣ ዐሥር ዓመት ያህል አደሱት። በግራ በኩል ባለው ረዥም ግድግዳ አናት ላይ እንኳ መቀመጫ አበጁበት። በ2012 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ቡድኑ ከቤቱ አንድ ቀን ሳይሰደድ ነበር።

የአዲስ አበባው ስታዲዮም እድሳት መጀመሩ ደግ ነው፤ ቅር የሚለኝ ከዕገዳ በኋላ መሆኑ ነው። ስፍራው ከመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ የከተማ ባቡር ከደጁ የሚቆምበት ነው። ኪሱ የሳሳ ተማሪ በእግሩ ደርሶ ኳስ አይቶ በእግሩ ይመለስበታል። ይህን የመሰለ ቦታ ዛሬ በከተማው መካከል ለስታዲዮም የሚሰጥ ማንም የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከእድሳቱ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ለምርቃት በዓል ገንዘብ አይታጣም፤ ለሣር ውኃ ማጠጫና ለተቃጠለ አምፖል መለወጫ ግን በየዓመቱ በጀት መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት መካከል የበጀት ረቂቅ የሚያዘጋጁ አሉና፣ «ለጥገና» የሚለው መስመር ሲቆረጥ ዝም አይበሉ።