ያረጀውን የውኃ ሞተር ኃይል ስለ መመለስ

ክረምቱ ወጥቶ ምንጩና ወንዙ መጕደል ሲጀምር፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፥ እንዲሁም በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ዙሪያ ያለው የጫት፥ የሽንኩርትና የድንች ማሳ ብዙውን ጊዜ ነፍሱ የተንጠለጠለው በአንድ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ላይ ነው። ሞተሩ በደኅና ሲያገለግል የሚያስታውሰው የለም። በደከመ ቀን ግን ባለቤቱ ወደ ወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ይመጣና «አርጅቷልና አዲስ እንዳገኝ እርዱኝ» ብሎ ያመለክታል። እናንተም ማመልከቻውን ተቀብላችሁ ወደ በላይ ታስተላልፋላችሁ፤ ወረቀቱ ሲሄድና ሲመለስ ሽንኩርቱ ይደርቃል። ስለዚህ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ሊመረመር የሚገባውን ነገር በዚህ ገጽ ልንገልጽላችሁ አሰብን።

የውኃ መሳቢያው ሞተርና በጀልባ ኋላ ላይ የሚታሰረው ሞተር በብዙ ነገር ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው በውኃ ውስጥ ባለ ጠመዝማዛ ክንፍ ጀልባውን ይገፋል፤ ሁለተኛው በፓምፑ ሆድ ውስጥ ያለውን ክንፋም መንኰራኵር እያዞረ ውኃውን ይገፋል። የጣና ሐይቅ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፥ የጭሮም ከፍታ ከዚሁ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂና የጭሮ ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት አቤቱታ ቢያሰሙ አያስደንቅም፤ ሕመሙ አንድ ነውና መድኃኒቱም ይመሳሰላል።

ከሕመሙ መካከል የመጀመሪያው ከእርጅና የመጣ አይደለም። እሳት ያለ አየር እንደማይነድ ሁሉ፥ በሞተር ውስጥ ያለው ቤንዚንም ኃይል የሚሰጠው ከበቂ አየር ጋር ሲቃጠል ነው። በጭሮ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጁ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከኃይሉ ከመቶ 3 እጅ ያህል ይቀነስበታል፤ በ1800 ሜትር ላይ ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ ይጐድላል ማለት ነው። በላዩ 5 የፈረስ ጕልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በጭሮ የሚሰጠው 4 ያህል ነው። ትናንት ከሣጥኑ የወጣው አዲስ ሞተርም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም። ይህን ሳያውቅ አሮጌውን ሸጦ አዲስ የሚገዛ ሰው፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ አቤቱታ ይዞ ወደ እናንተ መመለሱ አይቀርም።

ከዚህም የተነሣ ሌላ ጥፋት ይከተላል። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያዋሕደው ካርቡራቶር የሚባለው ክፍል በፋብሪካ የተለካው ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ አገር አየር ነው። በደጋው ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን በቀድሞው ልክ ይፈስሳል፤ የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፥ ባለቤቱም በገንዘቡ ጥላሸት ይገዛል። ምስክሩ ካንዴላው ነው። ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ ታፍኗል፤ ነጭ እንደ ሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ የተፈጨ ቡና የመሰለ ፈዛዛ ቡናማ ቀለም ከያዘ ደኅና ነው። ለበዛው ቤንዚን መድኃኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። የጀልባ ሰዎች ደግሞ ከዚህ ሌላ ውኃውን በጥቂቱ የሚገምጥ ክንፍ ያስገባሉ፤ ሞተሩ ሸክሙ ሲቀልለት ወደሚገባው ፍጥነት ይደርሳልና። ነገር ግን ለጭሮ ቀዳዳው የጠበበለት ሞተር ተከራይቶ ወደ ሚኤሶ ወይም ወደ አዋሽ ቆላ የወረደ እንደ ሆነ፥ ሰፊው ቀዳዳ ሊመለስለት ግድ ነው። በቆላ ወፍራም አየርና በጠባብ ቀዳዳ የሚሠራ ሞተር እጅግ ይግላል፥ ፒስቶኑም እስከ መቃጠል ይደርሳል። በኪራይ የሚዞሩት ሞተሮች ብዙዎች ስለ ሆኑ ይህን ለአከራዮቹ ማስታወቅ ይገባል።

እውነተኛውን እርጅና ለመለየት ደግሞ የማስነሻውን ገመድ ቀስ አድርጎ መሳብ ይበቃል። ደኅና ሞተር በመካከል ላይ እንደ ግትር በቅሎ ይታገላል። ሳይታገል ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ጕልበቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ። በዚያን ጊዜ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ማፍሰስና እንደገና መሳብ ነው፤ ትግሉ ከተመለሰ ያለቀው የፒስቶኑ ፋሻ ነው፥ ካልተመለሰ ቫልቮቹን መጠርጠር ይሻላል። ሁለቱም ከአዲስ ሞተር ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ይታደሳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህም ይቀላል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ፥ ማርሚታው በጥላሸት ጠብቦ፥ ወይም ካለፈው በጋ የቀረ ቤንዚን በካርቡራቶሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ረግቶ ይገኛል። በብዙዎቹ ሞተሮች መመሪያ ላይ ማጣሪያው በየ50 ሰዓቱ ሥራ እንዲጸዳ፥ ዘይቱም በየ100 ሰዓቱ እንዲለወጥ ታዝዟል። በአቧራማ ስፍራ ማጣሪያው ከዚያ ቀድሞ መታየት አለበት።

ሞተሩ ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ሳለ ውኃው አሁንም የሚያንስ እንደ ሆነ ጥፋቱ በቱቦው ነው፤ በእኛ አስተያየት እጅግ ችላ የተባለውም ይኸው ክፍል ነው። ሰው ሁሉ ፓምፕ ውኃን ስቦ የሚያወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣል፥ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ዳርቻ ይህ ክብደት ውኃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሣል፤ በጭሮ ከፍታ ግን 8 ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው። ይህም ፍጹም በሆነ ዕቃ ነው። በተግባር በቱቦው መፋተግና በመገጣጠሚያው በሚገባው አየር ስለሚቀነስ፥ ከውኃው ገጽ እስከ ፓምፑ ያለው ቁመት ከ5 ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ከተቻለም 2 ወይም 3 ሜትር ይሁን። መግፋት ለፓምፕ ቀላል ነው፥ መሳብ ግን ከባድ ነውና፥ ሞተሩን ከማሳው አጠገብ ከማቆም ይልቅ ወደ ወንዙ ዳር አውርዶ ሽቅብ እንዲገፋ ማድረግ ይሻላል።

የመሳቢያው ቱቦ ከፓምፑ አፍ መጥበብ የለበትም። ከውኃው እስከ ፓምፑ ሳያቋርጥ ሽቅብ መሄድ አለበት፤ በመካከል እንደ ግመል ሻኛ የጐበጠ እንደ ሆነ አየር በዚያ ይከማቻል። መገጣጠሚያው በጨርቅና በላስቲክ ቋጠሮ የታሰረ ቱቦ ውኃና አየር ይቀላቅላል። የመግፊያውም ቱቦ ስፋት እንደዚሁ ነው፤ በ2 ኢንች ቱቦ የሚሄደው ውኃ በ3 ኢንች ቢሄድ በመፋተግ የሚጠፋው ኃይል ከ7 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። የሞተሩም ፍጥነት በአንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢቀንስ ፓምፑ ውኃውን የሚያወጣበት ከፍታ ከአምስት እጅ አንድ ያህል ይወርዳልና፥ ትንሽ የሚመስለው ድካም በኰረብታው ራስ ላይ ላለው ማሳ ትልቅ ጕዳት ነው።

አሁን ስለምንናገረው ነገር በገበያና በስብሰባ ሁሉ ሳትታክቱ እንድታስታውቁ እንለምናችኋለን። በጥልቅ ጕድጓድ የሚሠራ ገበሬ ውኃው ከመሳቢያው አቅም በታች ሲወርድበት ሞተሩን በገመድ አስሮ ወደ ጕድጓዱ ሊያወርድ ያስባል። ይህ ሞት ነው። ከሞተሩ ጢስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ በዓይን አይታይም፥ አይሸትም፤ ነፋስ በማይገባበት ጕድጓድ ይከማችና ሰውዬውን ሳይታወቀው ያደክመዋል፥ ከዚያም ይገድለዋል። ሊያወጣው የሚወርደውም ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ በዚያው ይቀራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጢሱ ቶሎ አይወጣም። ለእንዲህ ያለው ጕድጓድ የሚስማማው በውኃው ውስጥ ተጠልቆ ከታች የሚገፋ፥ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ነው። አዲስ ዕቃ ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻ ወደ በላይ መተላለፍ ያለበት በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው፥ ያውም በአስቸኳይ።

የጥገናውን ፍሬ ለማወቅ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። ከጥገናው በፊት በርሜሉ በስንት ሴኮንድ እንደሞላ ይጻፍ፥ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላም ይደገም። ለምሳሌ በ40 ሴኮንድ ይሞላ የነበረው በ30 ሴኮንድ ከሞላ፥ 100 በርሜል ለማጠጣት አንድ ሰዓት ከ7 ደቂቃ ያህል ይፈጅ የነበረው በ50 ደቂቃ ያልቃል፤ የቀረው የ17 ደቂቃ ቤንዚን ለባለቤቱ ይተርፋል።

ኃይሉ የተመለሰለት ሞተር ግን ውኃውንም ፈጥኖ ይጨርሳል። በጣና ሐይቅ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገቡ በኋላ ዓሣ አጥማጁ ከታንኳው ዘመን ይልቅ ርቆ መሄድና ብዙ መያዝ ቻለ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ነጭ ዓሣ የሚባለው የሐይቁ ወገን እጅግ ተመናመነ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሐሮማያ ሐይቅ ነው። ለጫትና ለአትክልት ማሳ፥ ለሐረር ከተማም መጠጥ ሲሳብ፥ ከተራቈቱት ኰረብቶች የሚወርደውም ደለል ሲሞላው ቆይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈጽሞ ደረቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ውኃው ተመልሶ ቢታይም፥ በእነዚያ ዓመታት በዳርቻው የቀሩት ሞተሮች ደኅና ሆነው ሳሉ የሚስቡት አልነበራቸውም።

ስለዚህ ሞተር በተጠገነበት ስፍራ ሁሉ፥ በጕድጓዱ ወይም በወንዙ ዳር በሳንቲ ሜትር የተለካ እንጨት ይተከል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የውኃው ልክ ይጻፍ፥ በማግሥቱ ጧትም ይታይ። ውኃው በሌሊት ወደ ትናንቱ ምልክት ካልተመለሰ የሚስብበት ሰዓት ይቀነስ፤ ከአንዱ ምንጭ የሚስቡት ብዙዎች ከሆኑም ተራው በሽማግሌዎች ፊት ተደልድሎ በወረዳው መዝገብ ይግባ።