ለጉልበት ቁርጥማት ኤምአርአይ ያዋጣል?

ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚታረመው በእጅ ነው። ክረምቱን ገበሬው ከነቤተሰቡ ውሃ ባዘለ ማሳ ውስጥ ጎንበስ እንዳለ ይውላል፤ ዕድሜው ሲገፋ ጉልበቱ ቢከዳው አይገርምም። የጣራ ገዳምን ዳገት ወጥቶ መሳለም ሲያቅተው ከተሜ ዘመዱ «ባሕር ዳር ሄደህ ኤምአርአይ ካልተነሳህ» ይለዋል። የምርመራው ክፍያ ላይ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ የአስታማሚ ወጪና አረም ያለፈው ማሳ ይደመራሉ። ይህ ወጪ ለአብዛኛው ታማሚ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ለመረጃ ገንዘብ የሚከፈለው ውሳኔ የሚያስቀይር ሲሆን ነው። ኤምአርአይ ራጅ የማያሳየውን የልም አጥንት መሳሳትና የሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ ያለው ትራስ መሰል ልም አጥንት) መቀደድ ያሳያል። ችግሩ ከሚያስፈልገው በላይ ማሳየቱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ሜዲካል ጆርናል ያወጣው የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆነና ራጃቸው ንጹሕ የነበረ 710 ሰዎችን በኤምአርአይ ሲመረምር፣ 89 በመቶዎቹ ጉልበት ላይ ቢያንስ አንድ እንከን አገኘ፤ ከማያማቸውም አብዛኞቹ አልቀረላቸውም። ቀድሞ መታወቁ ይጠቅማል የሚል ይኖራል። የልም አጥንትን መሳሳት እንደሚያስቆም የተረጋገጠ መድኃኒት ቢኖር እኔም እስማማ ነበር፤ እስካሁን ግን የለም። ምስሉ ምንም አሳየ ምን ምክሩ ያው ነው፦ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት ለበዛበት መቀነስ፣ ማስታገሻ፣ ሲጠና መገጣጠሚያ ማስቀየር። ለቅየራውም ቢሆን ቆመው የሚነሱት ራጅ ባብዛኛው ይበቃል።

የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በእኛ አገር ያበጠ ጉልበት ሁሉ የእርጅና አይደለም፣ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳም አለ። ትክክል ነው። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ከአደጋ በኋላ ተቆልፎ የቀረ ጉልበት ካለ ሐኪሙ ኤምአርአይ ቢያዝ ገንዘቡ በቦታው ዋለ። «ታዲያ ሀብታሙ ሲነሳ ድሃው ለምን ይቅርበት?» ለሚለው ደግሞ፣ ሀብታሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያለ ጥቅም ነው የከፈለው። መሣሪያውም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ይህ ወጪ በብር ሲቆጠር እጅግ ንሯል። ታዲያ መድን ይክፈለው ቢባልስ? ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ ነበረች። መድኑ ለጉልበት ሕመም የሚያወጣው ተጨማሪ ብር ካለ፣ ከምስሉ በፊት በወረዳዋ ከተማ ወረታ ለሚቀመጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደመወዝ ይዋል።