ዘንግ ስትገዙ ሁለት ግዙ

ለፖቶማክ አምባዛ የሚሆን ማጥመጃ እንዴት ይመረጣል?

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ዓሣ ሊያወጣ ሄዶ፣ ዓሣም ዘንዶም ሳያወጣ፣ የ130 ዶላር ዘንጉን ለፖቶማክ ወንዝ አስረክቦ የተመለሰ ሰው ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ወገኖች ቅዳሜና እሑድ፣ አንዳንዶቻችንም ከሌሊት ሥራ መልስ፣ ወንዝ ዳር መታየት ከጀመርን ሰንብተናል። እኔ ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩትን ሌላው በነጻ ቢያገኘው መልካም ነው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቆየ ወዳጅ አለኝ። አገር ቤት ሳለ መሐንዲስ ነበር፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ባለፈው ዓመት እናቱ ባሕር ዳር ሲያርፉ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ ገና ስላላለቀ ለቀብራቸው መሄድ አልቻለም። እንደ ወጋችን ቤቱ ተሰብስበን አስተዛዘንን፤ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ እንጀራውንም ወጡንም አመላለስን። በአራተኛው ቀን ሁላችንም ወደየሥራችን ተበተንን። እሱ ግን እዚያው ሐዘኑ ላይ ቀረ። ስልክ አያነሣም። ከታክሲው ውጭ የትም አይታይም። ና ቡና እንጠጣ ስንለው «እስቲ ሌላ ቀን» ይለናል። ፊት ለፊት ተቀምጠው «አይዞህ» ሲሉት የሚሰለቸውን ሰው ምን ያደርጉታል? በዚህ መሐል ነው የጣና ልጅ መሆኑ ትዝ ያለኝ። በልጅነቱ በሸንበቆ ጫፍ ክር አስሮ፣ ትል ሰክቶ ዓሣ ያወጣ እንደነበር ድሮ አጫውቶኝ ነበር።

እንግዲህ ሳላማክረው አንድ ሱቅ ገባሁና አንድ ዘንግ ገዛሁለት። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ላባ የቀለለ ነው። ሻጩን ምንም አልጠየቅሁትም፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ጥሩ መሆን አለበት አልኩ።

በአንድ እሑድ ማለዳ በአሌክሳንድሪያ በኩል ወዳለው ጆንስ ፖይንት ፓርክ፣ ከዊልሰን ድልድይ አጠገብ ወደሚገኘው የዓሣ ማጥመጃ መድረክ ይዤው ሄድኩ። መንጠቆውን ጣልን፤ ዘንጉን የብረት መደገፊያው ላይ አስደገፍነው፤ ከፔርሙዝ ቡና ለመቅዳት ጀርባችንን ሰጠን። የሰማነው አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ዞር ስንል ዘንጉ ከመደገፊያው ላይ ተገልብጦ ውሃ ውስጥ ገባ። ጥቂት በውሃው ላይ ተጎትቶ ጠፋ። ወዳጄ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከእናቱ ሐዘን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከጎናችን ሁለት ባልዲ ይዘው የተቀመጡ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ዓሣው ዘንግህን አልሰረቀህም፤ አንተ ነህ የሰጠኸው» አሉኝ። ከዚያም ጥፋቴን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የእሳቸው ትምህርት ነው፤ የቀረው እኔ ኋላ በንባብና በሙከራ ያከልኩት ነው።

መጀመሪያ ዓሣውን እወቁ

እዚህ ካትፊሽ የሚሉት የእኛው አምባዛ ዘመድ ነው። እንደ አምባዛ ጢማም ነው፤ ቅርፊት የለውም፤ ከወንዙ ወለል ላይ ምግቡን በማሽተትና በመቅመስ ይፈልጋል። በፖቶማክ የሚበዛው ብሉ ካትፊሽ የሚባለው ዓይነት ሲሆን እሱም እንደኛ ከሌላ አገር የመጣ ነው። የትውልድ ቦታው የሚሲሲፒ፣ የሚዙሪና የኦሃዮ ወንዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ለስፖርት ዓሣ አጥማጆች ተብሎ በቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ተራብቶ ወደ ፖቶማክም ደረሰ። የአካባቢውን ዓሣና ሸርጣን ስለሚበላ ዛሬ ባለሥልጣናቱ «አጥምዳችሁ ውሰዱልን» እያሉ ይለምናሉ። ሜሪላንድ በብዛትም ሆነ በመጠን ገደብ አላደረገችበትም።

ለዘንግ ምርጫ ዋናው ነገር ክብደቱ ነው። ከ5 እስከ 15 ፓውንድ የሚመዝነው ብዙ ነው፤ 30 ፓውንድ ያለፈውም ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በፎርት ዋሽንግተን አጠገብ ከዚሁ ከፖቶማክ 84 ፓውንድ የሚመዝን ወጥቷል። በ2011 ደግሞ በቨርጂኒያ ከከር ሐይቅ 143 ፓውንድ የመዘነ ተይዟል። ይህ የአንድ ሙሉ ሰው ክብደት ነው። እኔ እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ጌታ ነበር ላባ ይዤለት የሄድኩት።

ዘንጉ

በየዘንጉ ላይ ከእጀታው ከፍ ብሎ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ከዋጋው በፊት እሱን አንብቡ። የመጀመሪያው ቁጥር ርዝመቱን ይነግራችኋል። ከወንዝ ዳር ለሚጥል ሰው ከ7 ጫማ ተኩል እስከ 9 ጫማ የሆነ ይበቃል፤ ረዘም ያለው ክሩን ከድንጋዩ አሻግሮ ለመወርወር ይረዳል። ቀጥሎ ጥንካሬው ይጻፋል። «ሚዲየም ሄቪ» ወይም «ሄቪ» የሚለውን ፈልጉ፤ «ላይት» የሚለውን ለትንንሽ ዓሣ ተዉት።

ሦስተኛው የሚሸከመው ክብደት ነው። ፖቶማክ ከቼይን ብሪጅ አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች እንደ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላና የሚጎድል ወንዝ ስለሆነ፣ ማጥመጃው ባለበት እንዲቆም 3 አውንስ ያህል እርሳስ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የዓሣ ቁራጭ ሲጨመር ወደ 5 አውንስ ይጠጋል። እኔ በገዛሁት ላይ ተጽፎ የነበረው ግን ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ አውንስ ነው። ዓሣው ባይወስደው እንኳ አንድ ቀን ስወረውር በእጄ ላይ ይሰበር ነበር።

የተሠራበትም ነገር ያለያያል። ግራፋይት ቀላልና ደረቅ ነው፤ ትንሹን ንክኪ ሁሉ ለእጅ ይነግራል፤ ነገር ግን ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቃል። ፋይበርግላስ ከበድ ይላል፤ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ በቀላሉ አይሰበርም። ለአምባዛ የሚመረጠው ፋይበርግላሱ ወይም ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚሸጠው አግሊ ስቲክ የተባለው ዘንግ የዚህ የቅልቅሉ ዓይነት ነው። የአዛውንቱም ሁለት ዘንጎች ቀለማቸው የለቀቀ እንዲህ ያሉ ዘንጎች ነበሩ።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኑት። አንድ ሰው ጫፉን ይያዝላችሁና እጀታውን በቀስታ ቀና አድርጉ። የላይኛው ሲሶ በቀላሉ መጉበጥ አለበት፤ የታችኛው ግማሽ ግን መንበርከክ የለበትም። ያገለገለ ዘንግ የምትገዙ ከሆነ ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ ጥጥ አሳልፉ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ ክራችሁን ይበጥሳል። ታክሲ የምትነዱ ደግሞ ከሁለት የሚከፈለውን ምረጡ፤ ከተሳፋሪ ሻንጣ ጋር አይጣላም።

ሪሉ፣ ክሩና መንጠቆው

ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ለጀማሪ ፊቱ ክፍት የሆነው፣ ስፒኒንግ የሚባለው ይሻላል፤ ቁጥሩ ከ5000 እስከ 6000 ቢሆን በቂ ነው። ዓሣው ሲወስድ ክሩን በነጻ የሚለቅ መቆለፊያ ያለው ካገኛችሁ ጥቂት ዶላር ጨምራችሁ ውሰዱት። ክሩ ከ20 እስከ 30 ፓውንድ የሚችል ናይሎን ይሁን።

የእኔ ትልቁ ስሕተት ሪሉ አንዲት ስንዝር ክር እንዳይለቅ አጥብቄ መዝጋቴ ነበር። ክር ያጣ ዓሣ ዘንጉን ይዞ ይሄዳል። ሪሉ መልቀቅ ያለበት ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ሲሳብ ነው። ለምሳሌ ለ20 ፓውንድ ክር 6 ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም ወደ 2 ኪሎ ተኩል። ይህን እንዴት እንለካለን? ሁላችንም ቤት፣ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን 23 ኪሎ እንዳያልፍ የምንመዝንባት የእጅ ሚዛን አለች። የክሩን ጫፍ እሷ ላይ አስራችሁ ሳቡ፤ ሪሉ መልቀቅ ሲጀምር ቁጥሩን አንብቡ።

መንጠቆው ሰርክል ሁክ የሚባለው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው፣ 7/0 ወይም 8/0 ይሁን። በዚህ መንጠቆ ዓሣው ሲነካ መንጨቅ አያስፈልግም። ዘንጉ ራሱ ጎብጦ እስኪቆይ ጠብቁና ሪሉን አዙሩ፤ መንጠቆው ከከንፈሩ ጥግ ይያዛል። ቀስ ብሎ የሚጎብጥ ዘንግ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ማባበያው ለብሉ ካትፊሹ የተቆረጠ ትኩስ ዓሣ ነው፤ ጊዛርድ ሻድ ይወዳል። ሄሪንግና አሜሪካን ሻድ ግን በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ እንዳትነኳቸው። በመጨረሻም ዘንጉን የሚይዝ መቆሚያ ግዙ ወይም እጀታውን በገመድ ከብረቱ ጋር እሰሩት። ይህን ሳላደርግ ስንት ዶላር እንደከፈልኩ ታውቃላችሁ።

ከመወርወራችሁ በፊት

ፈቃድ አውጡ። በዲሲ ውስጥ ዕድሜው ከ16 እስከ 64 የሆነ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያም እንዲሁ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይጠየቃል። ፖቶማክ የሦስቱ ግዛቶች መገናኛ ስለሆነ የምትቆሙበት ቦታ በየትኛው ፈቃድ እንደሚሸፈን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «አላወቅሁም» ማለት ከቅጣት አያድንም፤ ወረቀቱ ላላለቀ ሰው ደግሞ ከማንኛውም ነገር ጋር መካሰስ አይበጅም።

በቼይን ብሪጅና ከዚያ በላይ ባሉት ድንጋዮች ላይ ተጠንቀቁ። ውሃው ከላይ ጸጥ ያለ ቢመስልም ከሥሩ ኃይለኛ ነው፤ ለአንድ ዓሣ ብላችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ። ዓሣውን ስትይዙ በጀርባውና በጎኖቹ ላይ ያሉት እሾሆች እጅ ይወጋሉ።

ለመብላት የምታስቡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ማምረቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የታገደው ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል እስከ ዛሬ በወንዙ ጭቃ ውስጥ አለ፤ በዓሣው ስብ ውስጥም ይከማቻል። ትልቁና አሮጌው ዓሣ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ ለምግብ ትንንሹን ምረጡ፤ ቆዳውንና ስቡን ገፍፋችሁ ጣሉ፤ ስቡ እንዲንጠባጠብ ጠብሱት። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለባቸው። ዲሲም ሆነ ሁለቱ ግዛቶች በወር ምን ያህል መብላት እንደሚቻል መመሪያ ያወጣሉ፤ ፈቃዱን ስታወጡ አብራችሁ ጠይቁ።

ለምን ሁለት?

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሱቅ ሄድኩ። በአሁኑ ገበያ ዘንግና ሪል አንድ ላይ ከ50 እስከ 80 ዶላር የሚሸጡት ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው። እኔ በቀድሞው ዋጋ ሁለት ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀን ስሕተቴ ዘንጉ መቅለሉ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ያኔ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ዘንግ ሰጥቶ ከጎኑ ቆሞ ማየት እንደገና ማስታመም ነው። ሁለት ዘንግ ሲኖር ግን ሁለታችሁም ሥራ አላችሁ። ሁለታችሁም ውሃውን ታያላችሁ፤ ማንም የማንንም ፊት አያይም።

ወዳጄ ለሁለት ሳምንት ያወራው ስለ ክርና ስለ እርሳስ ብቻ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ዘንጉ ጎበጠ። ሪሉ እየጮኸ ክር ለቀቀ፤ እሱ ታገለ፤ አዛውንቱ መረባቸውን ይዘው መጡ። 14 ፓውንድ የሚመዝን ዓሣ ወጣ። ወዳጄ ቁልቁል አየውና «እናቴ ብታየኝ ቤት አታስገባኝም ነበር» አለ።

ከዚያ ተቀመጠና ነገረኝ። ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ከጣና ትልቅ አምባዛ ይዞ እየሮጠ ቤት ገባ። እናቱ ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም የሚሉ ሴት ነበሩና ከነዓሣው ከደጅ መለሱት። ሲያለቅስ አይተው አልቻሉም፤ ተከትለውት ወጡና አምባዛውን ለሚበላ ጎረቤት አብረው ወሰዱ። ጎረቤቲቱ በምላሹ አንድ ጭልፋ ጠላ ለእናቱ፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ ለእሱ ሰጠች። ይህን ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቱ እንጂ ስለ ቀብራቸው አልነበረም የሚያወራው።

ዓሣውንም አዛውንቱ በባልዲያቸው ወሰዱት። በሳምንቱ አንድ ከረጢት ቲማቲም ከጓሯቸው ይዘውልን መጡ።

አሁን እሑድ እሑድ አራት እንሆናለን። በየአካባቢያችሁ ስልክ የማያነሣ፣ «እስቲ ሌላ ቀን» የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእሱ የሚሆነውን ዘንግ ከላይ እንደተጻፈው ምረጡና ለራሳችሁም አንድ ጨምሩ። ፔርሙዙን ደግሞ አትርሱ፤ ብቻ ቡና ስትቀዱ ጀርባችሁን ለወንዙ አትስጡ።